የአባቴን ስም ይዛ የመጣች እንግዳ

ሰው አላምንም። ይህን የምለው ልኮራበት አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የምቆመው፣ ያረፈደውን ተማሪ አጥር ጥግ አሰልፌ «ለምን አረፈድክ?» የምለው እኔ ነኝ። አክስቱ ሞታበት ያረፈደ ልጅ አውቃለሁ፤ ያቺው አክስት በዓመቱ ደግማ ሞታበታለች። ባጃጅ አጥቼ ነው የሚለኝን ልጅ ደግሞ ጆሮውን ይዤ ቤቱን አሳየዋለሁ፤ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። እንዲህ ሆኜ ከርሜ፣ ከማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር «እኔ የወንድምሽ ሚስት ነኝ» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት በዋትሳፕ ሲመጣልኝ ምን ልበል? «ሞኝሽን ፈልጊ!» አልኩና ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ወንድሜ ሚስት አልነበረውም። እኔ እስከማውቀው ማለቴ ነው። ታናሼ ነው፤ ለእናቴና ለአባቴ አንድ ወንድ ልጅ። እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ አንዴ በእግር አንዴ በጭነት መኪና እያለ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ሎኬሽን ከሚሏቸው የድሃ ሰፈሮች በአንዱ ሱቅ ከፈተ። በየዓመቱ ጊፋታ ሲቃረብ ይደውላል። ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ ሲመጣ የትም ያለ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የተጣላም ይታረቃል። «ዘንድሮ እመጣለሁ፤ የማመጣላችሁም ነገር አለ» ይለናል። ምንድነው ስለው ይስቃል እንጂ አይነግረኝም። እናቴ ፍሪጅ ነው ብላ ቦታ አዘጋጅታ ነበር። እኔ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው ብዬ ገመትኩ።

በመጨረሻ በሣጥን መጣ። ሱቁ ውስጥ እንዳለ በጥይት መትተውት፣ የአገር ልጆች አዋጥተው አስከሬኑን ላኩልን። አስከሬኑን ይዞ የመጣው ጓደኛው ቀብሩ ላይ ብዙ አለቀሰ፣ ስለ ሱቁ ተናገረ፣ ስለ ሚስት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ሴትዮዋ እመለሳለሁ። ወንድሜ እናቴ ያወጣችለት የቤት ስም ነበረው። በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በፓስፖርቱ የሚታወቀው በሌላ ስም ነው፤ ይሄኛው ከግቢያችን በር ወጥቶ አያውቅም። ከቀብሩ ወዲህ ማናችንም አልጠራነውም። እናቴ አትጥሩት ብላ አይደለም። እንዲያው አፋችን እምቢ አለ።

ሴትዮዋ በማግስቱ ሌላ መልእክት ላከች። ከወንድሜ የወለደቻት ልጅ አለች፤ ትምህርት ጀምራለች። ለጊፋታ ይዣት ልምጣ፣ አያቶቿን ትይ፣ የአባቷን መቃብር ትይ ትላለች። አገራችሁ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገናል፤ በኢንተርኔት ነው የምንሞላው፤ የምናርፍበት አድራሻ፣ የሚቀበለን ሰው ስምና ስልክ ይጠይቃል። ፎርሙን የሚሞላላት ሰው ደግሞ የተቀባዩ መታወቂያ ኮፒ ቢያያዝ ይሻላል ብሏታል።

ጆሮዬ የቆመው መታወቂያ የሚለው ላይ ነው። እህ! መጣች! አልኩ። በእኛ ሰፈር ስልክ እየደወሉ «ልጃችሁ ሊቢያ ታስሮላችኋል» የሚሉ አሉ፤ ልጁ ደግሞ በዚያው ሰዓት ጎረቤት ቤት ኳስ ያያል። «ዕጣ ደርሶሃል» የሚሉ አሉ። ሞቶ የተቀበረን ሰው ስም ይዞ የመጣ ግን አልሰማሁም ነበርና፣ ይቺኛዋስ የተማረች ናት አልኩ።

ደግሞ ቪዛ! እንግዳ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ቪዛ እንደሚጠየቅ አስቤውም አላውቅ። እኛ ሰፈር ቪዛ ማለት ወዲያ ማዶ ለመሄድ የሚጾምለት፣ የሚጸለይለት፣ ደላላ የሚለመንበት ነገር ነው። ወንድሜ ካቋረጣቸው ድንበሮች አንዱንም በቪዛ አላለፈም። አሁን እዚያ አገር ያለች ሴት «የእናንተን አገር ደጅ እየጠናሁ ነው» ስትለኝ፣ የምትቀልድብኝ መሰለኝ።

ፈተናዋን ሰጠኋት። ሥራዬ አይደል? የወንድሜ ግራ እግር ላይ ምን አለ? አልኳት። ጠባሳ አለች። ከምን? ልጅ ሆኖ ገጀራ ስቶት አለች። ልክ ነው፤ ግን ቁምጣ ለብሶ ሱቅ የሚቆምን ሰው እግር ማን አያይም? ምን መብላት ይወዳል? ሥጋ በዳጣ አለች። ኤድያ! ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበትን ዳጣ የማይወድ የወላይታ ሰው ካለ እስቲ አምጡልኝ። በመጨረሻ «ቤት ውስጥ ምን ብለን ነበር የምንጠራው?» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። ባታውቀው ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ብታውቀው ብዬ ነው። ያንን ስም ከማላውቃት ሴት እጅ ተጽፎ ለማየት ልቤ አልቻለም።

ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። እሷ ግን የእኔን ፊት ታነባለች፤ «ስልክሽን ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የምትገላምጪው?» አለችኝ። የልጅቷን ፎቶ አሳየኋት። ዩኒፎርም ለብሳ፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ ፀሐይ አይኗ ውስጥ ገብቶ ተኮሳትራለች። እናቴ ስልኩን ሳመችው። የስልኩ መስታወት በጣቷ ቂቤ ራሰ። «እማ፣ በዚህ ዘመን እኮ ፎቶ ይሠራል፤ የፈለጉትን ፊት ከፈለጉት ገላ ጋር ይገጥሙታል» አልኳት። «ይሥሩታ» አለች። «ይህን ግንባር የሚሠራ ሰው ካለ እጁ ይባረክ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን አለች?» ብላ ነው። ወንድሜ አመጣላችኋለሁ ያለን ነገር ይህች ልጅ እንደሆነች እናቴ በልቧ ወስናለች፤ ልጅቷ ሳትመጣ ከቀረች ልጇን ዳግመኛ የቀበረች ያህል እንደምትሆን እኔ አየሁት። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢያታልለኝ ሰድቤ እተወዋለሁ፤ እናቴን ግን በዚህ ካታለሏት አትነሳም።

ሴትዮዋ እንዳምናት ብላ የሁለቱንም ፓስፖርት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የእናትየውን አየሁ፤ ስሟ ለአፌ ባይመችም የእውነት ሰው ትመስላለች። የልጅቷን ከፈትኩ። አጎላሁት። ደግሜ አጎላሁት። ከልጅቷ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የወንድሜ ስም አይደለም። የአባቴ ስም ነው።

የሰው ስም በእኛ ዘንድ ክርክር የለውም። አንደኛው የራስ ነው፣ ሁለተኛው የአባት ነው፣ ሦስተኛው የአያት። እኔና ወንድሜ ሁለተኛ ስማችን አንድ ነው፤ የአንድ አባት ልጆች ነን። የልጅቷ ሁለተኛ ስም የወንድሜ መሆን ነበረበት። ይህ ወረቀት በሚለው መሠረት ግን ይህች ልጅ የወንድሜ ልጅ አይደለችም፤ እህቴ ናት! አባቴ ደግሞ በዕድሜው ከሐዋሳ ሆስፒታል ወዲያ አልሄደም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ከቤት ሲወጣ እንኳ የት እንደሚሄድ ለእናቴ ሁለቴ ነግሮ ነው። ወይ ጉድ! አልኩ። ሊያጭበረብሩ ተነስተው የልጅቷን አባት እንኳ በትክክል መጻፍ አቃታቸው።

ቢጠና በምትባል ከተማ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አጎት አለኝ፤ የአባቴ ታናሽ ነው። ሕግ አውቃለሁ ባይ ነውና ደወልኩለት። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ስህተት መስሎሻል?» አለኝ ከዚያ። «አይደለም። አስበውበት ነው። የልጅ ልጅ ከሆነች ከሻንቶው መሬት የሚደርሳት በወንድምሽ በኩል ነው። የአባትሽ ልጅ ናት ብለው ካስጻፏት ግን ካንቺ እኩል ትቆማለች። ገባሽ? መታወቂያ የፈለጉትም ለዚሁ ነው። እንዳትልኪ!»

የሻንቶው መሬት ማለት እንሰትና ቡና ያለበት፣ አባቴ የተወለደበት ነው። በዚህ መሬት ማንም አይጫወትም። ነገር ግን ስልኩን እንደዘጋሁ ሌላ ነገር ታየኝ፤ መሬቱን ዛሬ የሚያርሰው ማን ሆነና ነው? አጎቴ ራሱ አይደለም እንዴ? ለእኔ እንዲህ የተቆረቆረው ከመቼ ወዲህ ነው? እንግዲህ ሁለት የምጠረጥራቸው ሰዎች ሆኑ፤ አንዷ በባሕር ማዶ፣ አንዱ በቢጠና።

ለሴትዮዋ ፊት ለፊት ጻፍኩላት። ለምንድነው አባቴን የልጅሽ አባት አድርገሽ ያስጻፍሽው? ምን ፈልገሽ ነው? አልኳት። መልሱን በድምፅ ላከችው። የተቆጣች ሴት ድምፅ አይደለም፤ ግራ የገባት ሴት ድምፅ ነው። «ጥያቄሽ አልገባኝም» ትላለች። «ልጅ የአባቷን የቤተሰብ ስም ትይዛለች። እዚህ ባወጣው የመኖሪያ ወረቀት መጨረሻ ላይ ያለው ስም ይሄ ነው። ስትወለድ ሆስፒታል ሲጠይቁን እሱ ራሱ ነው ያስጻፈው። ሌላ ምን መጻፍ ነበረብን?»

ቁጭ አልኩ። በእነሱ አገር ቤተሰብ የሚባለው ሁሉ አንድ ስም እንደሚጋራ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በመጽሐፍም በፊልምም አይቻለሁ። ግን ያ ነገር የሌላ ሰው ቤት ነገር ነው። በእኔ አባት ስም ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም። መልሷ ቀጥ ያለ ነበር። ቀጥ ያለ መልስ ደግሞ እኔን ይበልጥ ያስጠረጥረኛል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ሳይንተባተቡ የሚመልሱልኝ ልጆች ሌሊቱን ሲለማመዱ ያደሩት ናቸው። ስለዚህ እሺም እምቢም ሳልላት ቀናት አለፉ። እሷም በየቀኑ በትሕትና ትጠይቀኛለች፤ የትኬቱ ቀን ደርሷል፣ የትምህርት ቤት እረፍታቸው አጭር ነው፣ ቪዛው ካልተሞላ ለጊፋታ አይደርሱም። እናቴ በበኩሏ ስገባ ስወጣ ፊቴን ታያለች።

ነገሩን ለአባቴ ያፈነዳው አጎቴ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ምሳ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ከደቡብ አፍሪካ ልጅ መጥቶልሃል አሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ!» አለው። አባቴ ጆሮው ከባድ ነው፤ እኔን አየኝ። እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች። ማምለጫ አልነበረኝምና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሴትዮዋን፣ ልጅቷን፣ ቪዛውን፣ መታወቂያውን፣ መሬቱን፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«አሳዪኝ» አለ።

መነጽሩን አደረገ። ስልኩን አጎላሁለት። መታወቂያው ላይ ስሙ በእንግሊዝኛም ስላለ ፊደሎቹን ያውቃቸዋል። በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው። «ይሄ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ነህ እንጂ! እኔስ ምን አልኩ?» አለ አጎቴ።

አባቴ አልሰማውም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ወደ እኔ ዞሮ «ለምን የኔን ጻፉ?» አለኝ። ሴትዮዋ ያለችኝን ነገርኩት። እዚያ አገር ልጅም የልጅ ልጅም በአንድ ስም ነው የሚሄዱት አባባ፤ የመጨረሻው ስም አይለወጥም፤ ወንድሜ ያንተን ስም ይዞ ስለገባ ልጁም ያንተን ያዘች አልኩት። አሰበ። «የሷም ልጆች?» አለኝ። እሷ ሴት ናት፣ ስታገባ የሚለወጥ ይመስለኛል አልኩት። «እስክታገባ ድረስስ?» «እስከዚያማ ያንተን ይዛ ነው የምትኖረው። አስተማሪዋም፣ ጓደኞቿም፣ ሐኪሟም ባንተ ስም ነው የሚጠሯት።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ልጁ የሞተ ዕለት አላለቀሰም ነበር፤ መዝሙር ነበር የሚዘምረው። አሁን ግን አገጩ ተንቀጠቀጠ። «በእኛ ደንብ የኔ ስም ከእናንተ አያልፍም» አለ። «ለልጅ ልጅ ሦስተኛ ይሆናል፣ ከዚያ የሚያነሳው የለም። እሱን ስንቀብር የኔንም ቀበርኩት ብዬ ነበር። በማላውቃቸው ሰዎች አፍ ላይ ስሜ አለ ትይኛለሽ?»

«አለ» አልኩት።

«መታወቂያዬን አምጪ።»

አጎቴ ተነሳ። ትጸጸታለህ፣ መሬትህን በገዛ እጅህ፣ ቅብጥርስዮ ምናምን አለ። አባቴ በዝግታ «መሬቱን የምታርሰው አንተ ነህ» አለው። «ልጅቷ በሬ እየነዳች አትመጣም።» እናቴ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አጎቴ ለጊፋታ እግሬን አላነሳም ብሎ ወጣ። እንደሚመጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ በጊፋታ ተኳርፎ የሚቀር ሰው የለም፣ ሥጋውም አለ።

መታወቂያውን ይዤ ሄጄ ኮፒ አስደረግኩት። ኮፒ የሚያደርገው የስልጤ ልጅ የአባቴን ስም ሲያይ «ደህና ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናቸው፤ እንግዳ እየጠበቁ ነው አልኩት። ላክኩላት። ተቀባይ፦ አባቴ። ስልክ፦ የእኔ፤ እሱ አይሰማማ። እንዲህም ሆኖ ኮፒው ላይ በስክሪብቶ «ለቪዛ ብቻ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። ብጠረጥር ምን አጠፋሁ? እስኪመጡ ድረስ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ቪዛው መጣ፤ የልጅቷ ለብቻዋ፣ የእናትየዋ ለብቻዋ። ሴትዮዋ ሁለቱንም ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ከሥሩ አንድም ቃል አልጻፈችም፤ የምታለቅስ ፊት ብቻ።

ጊፋታ ደረሰ። ሰፈራችን በዚያ ሰሞን ሽታው ሌላ ነው፤ እንሰቱ ይፋቃል፣ ሙቿ የሚባለው የበዓሉ ምግብ በየቤቱ ይሠራል፣ ቅርጫ የገቡ አባወራዎች በሬ ስለሚታረድበት ቦታ ይነታረካሉ። እናቴ ፍሪጁ ይቀመጥበታል ተብሎ ባዶ የቀረው ቦታ ላይ ትንሽ አልጋ አነጠፈች። እኔ አልጋውን ባየሁ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ። ሳይመጡ ቢቀሩስ? መጥተውም ሌላ ሰዎች ቢሆኑስ? ይህን አልጋ ማን ያነሳዋል?

አውሮፕላናቸው በሚያርፍበት ጠዋት እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ትምህርት ገና መከፈቱ ነው፤ ባንዲራው ተሰቅሎ፣ ያረፈዱት እንደ ልማዳቸው አጥሩ ጥግ ተሰልፈው ተራ እየጠበቁኝ። አንዱን «እና በጉ ነው የጠፋው ወይስ አንተ?» እያልኩት ስልኬ ጮኸ። የአዲስ አበባ ቁጥር ነው።

«ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ከኢሚግሬሽን» አለኝ የወንድ ድምፅ። «አንዲት የውጭ ዜጋ ከልጅ ጋር መጥታለች። ተቀባይ ብላ በዚህ ስልክ ያስመዘገበቻቸው ሰው አሉ።» የአባቴን ስም ጠራ። አባቴ ነው፣ ጆሮው ስለማይሰማ ስልኩ የኔ ነው አልኩት። «ይቅርታ እህቴ፣ ነገሩ አልተገናኘልኝም» አለ። «እዚህ ፓስፖርት ላይ የልጅቷ አባት የርስዎ አባት ናቸው። እናትየዋ የልጅቷ አባት ሞቷል ትለኛለች። ተቀባያችሁ ማን ነው ስላት ደግሞ እኚህኑ ሰው ትለኛለች። የሞተ ሰው ነው የሚቀበላቸው? ሕፃን ይዛ የምትጓዝ ሴት ስትሆን እናጣራለን። ካልተጣራ በመጡበት እንመልሳቸዋለን።»

ድምፁን አወቅኩት። ሰውየውን አይደለም፤ ድምፁን። ቀስ ያለ፣ ያልተቆጣ፣ ያዝኩህ የሚል ድምፅ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኔ አፍ የሚወጣው እሱ ነው።

ጌታዬ፣ ልጅቷ የወንድሜ ልጅ ናት አልኩት። የሞተው ወንድሜ ነው። አባቴ አለ፤ ቤት ቁጭ ብሎ እየጠበቃት ነው። ስሙ የአያቷ ነው፤ በአገራቸው እንደዚያ ነው የሚጽፉት፤ የመጨረሻው ስም አይለወጥም። «ወንድምዎ ለምን የራሱን አላስጻፈም?» አለ። ወይ አምላኬ! ይህንኑ ጥያቄ እኔ በተቆጣ እጄ ጽፌው የለም እንዴ? እንደተናደድኩ ታወቀኝ፤ በእሱ ይሁን በራሴ ግን አላውቅም። «አገሩ እንደዚያ ነው አልኩዎት እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። ያረፈዱት ልጆች ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሰውየው አልተቆጣም። «ከዚህ በፊት አግኝታችኋቸው ታውቃላችሁ?» አለኝ። መዋሸት እችል ነበር። አናውቅም አልኩት፤ በአይናችን አላየናቸውም። ከበስተጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማኛል፤ የሻንጣ ጎማ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገር ማስታወቂያ። እናቴ ያነጠፈችው አልጋ ፊቴ ላይ መጣ። «እስቲ ልጅቷን ያናግሯት» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ ልስማ።»

ስልኩ እጅ ለወጠ። ትንሽ ትንፋሽ ሰማሁ።

ምን ብዬ እንደምጠይቃት አላሰብኩበትም። አፌ ላይ የመጣው ማንም የእኛ አገር ሰው መንገድ ላይ የማያውቀውን ልጅ ሲያገኝ የሚጠይቀው ነው። የማን ልጅ ነሽ? አልኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በወላይትኛ ነው ያልኳት። አማርኛም አታውቅ፤ የወላይታ አየርም ተንፍሳ አታውቅ። ዝም አለች። እኔም ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። አልቋል አልኩ በልቤ፤ አታውቅም፤ ይመልሷቸዋል፤ እናቴን ምን እላታለሁ?

ከዚያ ልጅቷ መለሰችልኝ። በወላይትኛ። ቃላቱ ይንገዳገዳሉ፣ ግን ልክ ናቸው፤ ሰው ቁጭ አድርጎ ደጋግሞ ያስጠናት ነገር ነው። የእገሌ ልጅ ነኝ አለችኝ። እገሌ ያለችው ግን የወንድሜን የፓስፖርት ስም አይደለም። የአባቴንም አይደለም። የወንድሜን የቤት ስም ነው የጠራችው።

እዚያው አጥሩ ላይ ተደገፍኩ። «አሉ እህቴ?» ይላል ሰውየው። አለሁ አልኩት። «ምን አለችዎት?» የአባቷን ስም ነገረችኝ አልኩት። «ማን አለች?» «እርስዎ እጅ ላይ ካለው ወረቀት አያገኙትም» አልኩት። «ከእናቴ ቤት በቀር የትም አያገኙትም።» ድምፁ ተለወጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆን የሰው ልጅ ድምፅ ሆነ። «እና ልጅቷ ምናችሁ ናት ልበል?» አለኝ።

«ልጃችን ናት በል» አልኩት። እርስዎ ማለቱንም ረሳሁት።

ስልኩን ዘጋሁ። አጥሩ ጥግ የተሰለፉት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። «ምን ትገተራላችሁ? ግቡ!» አልኳቸው። በጉ የጠፋበትም ልጅ ገባ። እኔ ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላነሳ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ጓሮ ቁጭ ብላ ሙቿውን ታቡካለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኗል። አባቴ ወንበሩን አውጥቶ ከጎኗ ተቀምጧል። ስገባ ሁለቱም ፊቴን አዩ። ያን ሁሉ መንገድ የምናገረውን ሳስብ ነበር የመጣሁት፤ ቪዛው እንዲህ፣ ሰውየው እንዲህ። አንዱም አልመጣልኝም። ልጅቷን የማን ልጅ ነሽ ብዬ ጠየቅኳት አልኩ፤ እና እንዲህ አለችኝ ብዬ ያንን ስም ጠራሁት።

እናቴ ስሙን ስትሰማ ወደ ግቢው በር ዞረች። ያነሳችውን እጅ እንኳ አላወረደችም፤ ሊጡ ከጣቷ ይንጠባጠባል። ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እንደዚያ ነበር የምትዞረው። ለጥቂት ጊዜ በሩን አየችው። አባቴ ምን እንደተባለ ባይሰማም እሷ ያየችበትን አየ።

«እማ፣ እሱ አይደለም» አልኳት። «ልጁ ናት።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በሩን ክፈቺው።»

«እማ፣ ገና ከአዲስ አበባ አልተነሱም። ቢፈጥኑ ማታ ነው የሚደርሱት።»

«ክፈቺው አልኩሽ።»

ሄጄ ሁለቱንም መዝጊያ ከፈትኩት።